የማን ጎጆ?

ጎጆዋ ሁለት ክፍል ናት፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። ግድግዳዋ ግራናይት ነው፤ ከመወፈሩ የተነሣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ሰው ተመቻችቶ ይቀመጣል። መስኮቱ ራሱ ግን ጎንበስ ካላሉ ውጭውን አያሳይም። ምድጃው ውስጥ እንጨት ይነዳል። ከበሩ ወጥታችሁ ትንሽ ስትራመዱ አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው፤ ገደሉ ጫፍ ላይ ጣሪያ የሌላቸው የድንጋይ ሕንፃዎች ከነጭስ ማውጫቸው ቆመዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ ላይ ነፍስ ናቸው። ቦታው ኮርንዋል ነው፤ የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ሴንት ጀስት የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ። ባለፈው ጥቅምት ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሦስት ሌሊት አድሬባታለሁ። ማስታወቂያው ላይ ከስሟ ጎን ትንሽ የምድጃ ሥዕል አለች፤ ሥሯ «ኮዚ» ይላል።

ያቺን ምልክት የሠራኋት እኔ ነኝ።

የምሠራው የዕረፍት ቤቶችን የሚያከራይ ሶፍትዌር የሚገነባ ድርጅት ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ገና ደመወዜን ይከፍለኛል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ችግር ነበረብን፦ ትናንሽ ቤቶች ፍለጋው ላይ ወደ ታች ይወርዱ ነበር። እንግዳ ፎቶውን ያያል፣ ካሬ ሜትሩን ያያል፣ ያልፋል። መፍትሔው ቀላል ነበር። ቤቱ ከተወሰነ ስፋት ካነሰ፣ ምድጃ ካለው፣ እንግዶች አስተያየታቸው ላይ ያቺን ቃል ከደጋገሟት ምልክቷ ትሰጠዋለች፤ ምልክቷ ያለው ቤት ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። አርባ መስመር ኮድ ቢሆን ነው። ከዚያ በፊት ጥበት ነጥብ ይቀንስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነጥብ ጨመረ። ዋጋም ጨመረ። ቡድናችን ኬክ ቆረሰ።

«ኮዚ» የሚለውን ቃል ለእናቴ በአማርኛ ላስረዳት ሞክሬ ነበር። ጠበብ ያለች፣ ሞቅ ያለች፣ የምትመች፣ ስትገባባት ልብህ የሚያርፍባት አልኳት። አሰብ አደረገችና «ጠባብ ቤት ማለትህ ነው?» አለችኝ። እናቴ ለንደን ውስጥ ሆቴል አንሶላ ትቀይራለች። ያደገችው ጉለሌ፣ ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል ነው። ያኔ ማንም መጥቶ ኮዚ ናችሁ አላላቸውም።

ሳቅኩ። ከኮርንዋል ከተመለስኩ በኋላ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ጎጆዋ ለምን ጠባብ ሆነች? ማን አጠበባት? እና እኛ በሌሊት የምንከፍለው ገንዘብ የምን ዋጋ ነው?

አካባቢው ለብዙ መቶ ዓመታት የቲንና የመዳብ ማዕድን ሲቆፈርበት የኖረ ነው። ቲን የምለው ማዕድኑን ነው፤ ቆርቆሮ ብዬ ብጽፈው ጣሪያው ይመጣባችኋል። ከመዳብ ጋር ሲቀልጥ ነሐስ የሚሆነው እሱ ነው። ገደሉ ላይ የቆሙት ሕንፃዎች የእንፋሎት ሞተር የነበረባቸው ናቸው፤ ሞተሩ ውሃ ከጉድጓድ ይስባል፣ ድንጋይ ይፈጫል፣ ሰው ያወጣል ያስገባል። ጉድጓዶቹ ታዲያ በየብስ ብቻ አያበቁም። ከባሕሩ ሥር ይሄዳሉ።

ቤቶቹን ብዙ ጊዜ የሠሯቸው ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። አሠራሩን ሳነበው ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩት። ባለ መሬቱ ለእርሻ የማይሆን ጠፍ መሬት ለቆፋሪው ያከራያል። ኪራዩ በዓመት አይቆጠርም፤ በሦስት ሰው ዕድሜ ነው የሚቆጠረው። ቆፋሪው ሦስት ስም ያስመዘግባል፤ የራሱን፣ የሚስቱን፣ የልጁን እንበል። ከሥራ መልስ በገዛ እጁ ድንጋይ እየተሸከመ ቤቱን ይሠራል። ከሦስቱ የመጨረሻው ሰው የሞተ ቀን ቤቱ ከነግድግዳው፣ ከነጓሮው ለባለ መሬቱ ይመለሳል። ሞት ቅርብ በሆነበት ሥራ ላይ በዕድሜ የሚለካ ውል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ለናንተ ልተወው። ሰውየው ጠባብ ቤት የሠራው ጥበት ስለሚወድ አልነበረም። ጊዜ ስላልነበረው፣ ገንዘብ ስላልነበረው፣ ቤቱም የሱ ሆኖ እንደማይቀር ስለሚያውቅ ነው።

እኛ ያደርንባት ጎጆ ሳሎን ውስጥ የድሮ ቆፋሪ ባርኔጣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ፊቱ ላይ በጭቃ የተጣበቀ ሻማ አለበት። እንደዚያ ነበር የሚሠሩት፤ ባርኔጣቸው ላይ ሻማ በጭቃ ለጥፈው። ከጎኑ ደግሞ የኢንተርኔቱ የይለፍ ቃል በፍሬም ተሰቅሏል።

ከጎጆዋ በእግር የሚደረስበት ሌቫንት የሚባል ማዕድን አለ። ዋሻዎቹ ከአትላንቲክ ሥር ከአንድ ማይል በላይ ይዘልቃሉ። እዚያ ማን ኤንጅን የሚባል መሣሪያ ነበር፦ ጉድጓዱን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጥ ረጅም ዘንግ፣ ዘንጉ ላይ በየተወሰነ ርቀት መርገጫ፣ ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ደግሞ መቆሚያ። ሞተሩ ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል። ሰውየው መርገጫው ላይ ይቆማል፤ ከፍ ሲል ወደ መቆሚያው ይሻገራል፤ ቀጣዩ መርገጫ ሲመጣለት እንደገና ይሳፈራል። እንዲህ እያለ በጨለማ ወደ ቤቱ ይወጣል። በፈረንጆች አቆጣጠር ኦክቶበር 20 ቀን 1919 (ዓመቶቹን ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፈረቃው ጨርሶ ሲወጣ፣ ሰው ዘንጉ ላይ ሞልቶ ሳለ፣ ዘንጉን ከሞተሩ ጋር ያያዘው ብረት ተሰበረ። 31 ሰው ሞተ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

ሁለተኛውን ታሪክ ግን እንደ መሐንዲስ ልረሳው አልቻልኩም። ዊል ኦውልስ ይባላል፤ ዊል በኮርንዋል ቋንቋ የሥራ ቦታ፣ የማዕድን ማውጫ ማለት ነው። ጎረቤቱ ዊል ድሬያ የሚባል የተተወ ማዕድን ነበር፤ ውሃ ሞልቶታል። የዊል ኦውልስ ሰዎች ከውሃው ምን ያህል እንደሚርቁ በካርታ ያውቁ ነበር። ወይም የሚያውቁ መስሏቸው ነበር። ካርታው የተነሣው በኮምፓስ ነው፤ ኮምፓስ የሚያሳየው ሰሜን ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ካርታው ላይ ይሄ አልተስተካከለም። ጃንዋሪ 10 ቀን 1893 ሩቅ ነው ያሉትን ግድግዳ ሲበሱት ውሃው ገባ። 19 ሰዎችና አንድ ልጅ አልወጡም። አስከሬናቸውም አልወጣም። እስካሁን እዚያው ናቸው።

ካርታው ሆን ተብሎ የተሠራ ውሸት አልነበረም። አንድ ቁጥር ነው የጎደለው። እኔም ካርታ እሠራለሁ። ስልካችሁ ላይ ኮርንዋልን ስትከፍቱ ባሕር ዳሩን ተከትሎ የምታዩት የነጥብ መዓት፣ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሌሊት ዋጋ፣ የሱ ዓይነት ካርታ ነው ሥራዬ። ነጥቡን ስትነኩት ስንት አልጋ እንዳለው፣ ውሻ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ባሕሩ በስንት ደቂቃ እንደሚደረስ ይነግራችኋል። ሁሉም ትክክል ነው። ቤቱ ከኪራይ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ማን ይኖርበት እንደነበር የሚያሳይ ቦታ ግን ዳታቤዙ ውስጥ የለም። መንገዱ ላይ ካሉት ቤቶች ስንቶቹ በጥር ወር መብራት እንደሚበራባቸውም አይታይም። አንድም ሰው አስገቡት ብሎ አልጠየቀንም፤ እኔም ብሆን አላሰብኩትም።

በነገራችን ላይ ዊል ኦውልስን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ቢቢሲ በ2015 ፖልዳርክ የሚለውን ተከታታይ ድራማ ሲጀምር ያ ሕንፃ የዋናው ገጸ ባሕርይ ማዕድን ሆኖ ቀርቧል። ቆንጆ ሰው በፈረስ ይጋልባል፣ ባሕሩ ያብረቀርቃል። እኛም ሄደን ፎቶ ተነሥተናል። ሃያ ሰው ከእግራችን በታች እንዳለ ያወቅኩት ለንደን ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። መዳቡ በ1860ዎቹ ዋጋው ወረደ፤ ቆፋሪው ተሰደደ። ደቡብ አውስትራሊያ ሙንታ፣ ካሊፎርኒያ ግራስ ቫሊ፣ ሜክሲኮ ሬያል ዴል ሞንቴ። ሜክሲኮ ውስጥ ዛሬም የኮርንዋልን ፓስቲ፣ ያን ሥጋና ድንች የታጨቀበትን ጥቅልል ሊጥ፣ ፓስቴ ብለው ይበሉታል። ወንዶቹ ይሄዳሉ፣ ገንዘብ ይልካሉ፣ ሚስት ደብዳቤ ትጠብቃለች። ይሄን ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አይጠበቅብኝም። በ1985 ደግሞ የቲን የዓለም ዋጋ ተንኮታኮተ። ፔንዲን ያለው ጊቨር በ1990 ተዘጋ፤ የመጨረሻው ሳውዝ ክሮፍቲ በ1998። በ2006 ዩኔስኮ አካባቢውን የዓለም ቅርስ አለው። ቅርስ ማለት ከሰው ወደ ሰው የሚወረስ ነገር መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ጎጆዋ ልመለስ።

የመውጫ ሰዓታችን ጠዋት አራት ሰዓት ነበር። ባልደረቦቼ መኪና እየጫኑ ሳለ የምታጸዳዋ ሴት ቀደም ብለው መጡ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ በአማርኛ ሳስታውሳቸው ግን በአንቱ ነው የሚመጡልኝ፤ ሃምሳዎቹን የተሻገሩ ናቸው። አንሶላ የተሸከመ ሰው ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ የእናቴ ልጅ ነኝ። ከረጢታቸውን ተቀበልኳቸውና ወሬ ጀመርን።

«ቤቱን ወደዳችሁት?» አሉኝ።

በጣም አልኳቸው።

በመስኮቱ በረድፉ ላይ ያለውን ሦስተኛውን ቤት አሳዩኝ። የአያታቸው ቤት ነበር። አባታቸው ጊቨር እስኪዘጋ ድረስ እዚያ ሠርተዋል። አያትየው ሲሞቱ ቤቱ ኪራይ ስለነበር ባለቤቱ ሸጠው፤ የገዛው ሰው ሸጠው፤ አሁን የባሕር ወፍ ስም ተሰጥቶት ይከራያል። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አሉኝ፤ «የማጸዳውም እኔ ነኝ።» እንደ ቀልድ ነው የተናገሩት። ቀጣዮቹ እንግዶች ከቀኑ አሥር ሰዓት ስለሚገቡ ሁለቱንም ቤት በስድስት ሰዓት መጨረስ አለባቸው። የሚከፈላቸው በቤት ነው፣ በሰዓት አይደለም።

ልጃቸው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከኔ በሁለት ዓመት ያንሳል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከፍቅረኛው ጋር ቤት ሲፈልግ ያገኘው የክረምት ኪራይ ብቻ ነበር፤ ጎብኚ በሌለበት ከኅዳር እስከ መጋቢት ትገባለህ፣ ፋሲካቸው ሲደርስ ትወጣለህ። ሁለት ክረምት እንደዚያ አደረጉ። ሁለት ጊዜ ዕቃቸውን በካርቶን አድርገው እናቱ ቤት መለሱ። ሦስተኛውን ተዉትና ብሪስቶል ሄዱ።

በኛ ቋንቋ ወጣት ተጋብቶ የራሱን ኑሮ ሲጀምር ጎጆ ወጣ እንላለን። ቪላ ወጣ አንልም፣ አፓርታማ ወጣ አንልም። ጎጆ የምንለው መነሻ ስለሆነ ነው፤ ትንሿ፣ ጠባቧ፣ ያቅሙን የሚጀምርባት። አሁን እኔ ወደ ላይ ያወጣኋቸው ቤቶች ምን ዓይነት እንደሆኑ ተመልከቱ። ትልልቆቹን አይደለም፤ ባለ ስድስት መኝታውን ቪላ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ድሮም አይገዛውም፣ አይከራየውም። ምልክቷ የምትለጠፈው ባለ አንድና ባለ ሁለት መኝታ ላይ ነው። ጎጆ መውጫዎቹ ላይ። ኮዴ በትክክል የለየው አንድ ወጣት ባልና ሚስት አቅማቸው ሊደርስበት የሚችለውን ቤት ነው፤ ለይቶም ለጎብኚ ሰጠው።

እና የምለው ይሄ ነው፦ ሰው እንዲኖርበት የተሠራ ቤት፣ ሰው የሚኖርበት ቤት ባጣበት ቦታ፣ በሌሊት ሊቸረቸር አይገባም። የሚቸረቸር ከሆነም የአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ሰጥቶበት ይሁን። ሆቴል ይኑር፣ ድንኳን መትከያ ይኑር፣ በግቢያቸው ያለችውን ትርፍ ክፍል የሚያከራዩ አያት ይኑሩ። ከነሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ሙሉ ቤት ከመንደር ነቅሎ ከሚወስደው ንግድ ጋር ነው፤ እና ያን ንግድ ኮዚ ብለን ከምናስጌጠው ከኛ ጋር።

ይሄን ቢሮ ውስጥ ስናገር የሚመጣልኝ መልስ የታወቀ ነው። «ቱሪዝም ባይኖር ምን ይበላሉ?» ይሉኛል። እሺ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኮርንዋል ሀብታም አይደለም። እንግሊዝ የአውሮፓ ኅብረት አባል በነበረች ጊዜ ለድሃ ክልሎች የሚሰጠውን ከፍተኛ ድጋፍ ሲቀበል የኖረ አካባቢ ነው። ጎብኚው ይምጣ። ግን ከቱሪዝሙ ለመንደሩ የሚቀረው ስንት ነው? እኛ አራታችን ለሦስት ሌሊት ከከፈልነው ውስጥ መንደሩ ውስጥ የቀረው የጽዳቱ ክፍያና መጠጥ ቤቱ የሸጠልን ቢራ ነው። የቀረው የድርጅታችንን ድርሻ ቆርጦ ለንደን ለሚኖር ባለቤት ተላለፈ። ሒሳቡን የሚያካፍለውን ኮድም አውቀዋለሁ።

አዲስ ነገርም አይደለም። በማዕድኑ ዘመን ገንዘብ አውጥቶ ትርፍ የሚካፈለው ባለ አክሲዮን አድቬንቸረር ነበር የሚባለው፤ ጀብደኛ እንደማለት። ጉድጓድ የሚገባው ሌላ ነው፤ ጀብደኛ የሚባለው ግን ገንዘቡን የላከው ሰው ነው። ዛሬ ደግሞ ማስታወቂያዎቻችን ለእንግዳው «አድቬንቸር» ቃል ይገባሉ፤ አንሶላ የሚያጥቡት ሴትዮ በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ የሉም።

«እኛ ባናድሳቸው ፈርሰው ይቀሩ ነበር» የሚሉም አሉ። አንዳንዶቹ አዎ። ማዕድኑ ሲዘጋ ብዙ ቤት ባዶ ቀርቷል፣ ያኔ ገዝቶ ጣሪያ ያለበሰ ሰው ቤት አድኗል፤ አልክድም። ግን ትናንት ቤት ማዳንህ ዛሬ ሰው ማስወጣትህን አያስፈቅድልህም። ለረጅም ዓመታት የእንግሊዝ ሕግ ባለቤቱ ያለ ምንም ምክንያት በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ተከራይ እንዲያስወጣ ይፈቅድ ነበር። ሦስት ዕድሜ የነበረው ውል ወደ ሁለት ወር ወረደ ማለት ነው። የድሮው ባለ መሬት ቢያንስ ሰውየው እስኪሞት ይጠብቅ ነበር።

ሦስተኛው «የግል ንብረት ነው» የሚለው ነው። ይሄኛው ያስቀኛል። እንግሊዝ ውስጥ ቤትህን ወደ መጠጥ ቤት ልቀይር ብትል ፈቃድ ያስፈልግሃል። በየሦስት ቀኑ አዲስ ሰው የሚገባበት ቤት መኖሪያ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው፣ ግብር ሲመጣ ምን እንደሚል ስሙ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ነዋሪ ሁሉ ለአካባቢው ምክር ቤት ካውንስል ታክስ ይከፍላል። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ኮርንዋል ውስጥ ሁለተኛ ቤት ያለው ሰው እጥፍ ይከፍላል። ጥሩ። ነገር ግን ያው ሰው ቤቱን በዓመት 140 ሌሊት ለኪራይ ክፍት አድርጎ 70 ሌሊት ካከራየው ቤቱ መኖሪያ መሆኑ ይቀርና ንግድ ይባላል። ንግድ ሲሆን ካውንስል ታክስ ይነሣለታል፤ የንግድ ቤት ግብር ይመጣበታል። ይሄ ግብር ደግሞ የቤቱ ዓመታዊ ግምት ከ12,000 ፓውንድ ካልበለጠና ሌላ የንግድ ቤት ከሌለው በአነስተኛ ንግድ ቅናሽ ዜሮ ሊሆን ይችላል። የገቢ ግብሩ ይቀራል፤ እሱን አልደብቅም። ለመንደሩ መንገድ፣ ለመንደሩ ቆሻሻ፣ ለአረጋውያን እንክብካቤ የሚውለው ግን ዜሮ። ጎረቤቱ የምትኖር አስተማሪ ሙሉውን ትከፍላለች። በግብር ቋንቋ ቤቱ ንግድ ነው፤ ፈቃድ ጠይቅ ሲሉት መኖሪያ ቤቴ ነው። አንድ ዕቃ በሁለት ስም ተመዝግቦ፣ በሁለቱም ስም የሚጠቅመውን ብቻ የሚወስድበት ሥርዓት ብጽፍ አለቃዬ ኮዱን ፊቴ ላይ ይመልስልኝ ነበር።

ሊስተካከል አይችልም የሚል ካለ ደግሞ ባሕሩን ተሻግሮ ዌልስን ይይ። ግዊኔድ የሚባለው አውራጃ እሱም የማዕድን አገር ነው፤ የጣሪያ ድንጋይ የሚፈለጥበት፣ በ2021 ዩኔስኮ የመዘገበው። በሴፕቴምበር 2024 እዚያ ሰው የሚኖርበትን ቤት ወደ ሁለተኛ ቤት ወይም ወደ አጭር ኪራይ መለወጥ የፈለገ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅ የሚያደርግ ደንብ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ዌልስ ውስጥ ንግድ ነኝ ለማለትም የሚፈለገው 70 ሌሊት አይደለም፤ 182 ነው። ሰማይ አልወደቀም። እንግሊዝ በ2023 ባወጣችው ሕግ የአጭር ኪራይ ቤቶች መዝገብ እንዲኖር መንገድ ከፍታለች። መዝገብ ጥሩ ነው፤ ቢያንስ ይቆጠራሉ። መቁጠር ግን መፍቀድና መከልከል አይደለም።

ግማሽ ሕግ ምን እንደሚያደርግ ራሱ ኮርንዋል አይቶታል። ሴንት አይቭስ የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ በ2016 ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆነው መራጭ አዲስ የሚሠራ ቤት ለቋሚ ነዋሪ ብቻ ይሁን ብሎ ወሰነ። አዲስ ቤት ብቻ። ነባሩን አልነካም። የዕረፍት ቤት ፈላጊው ምን አደረገ? ፊቱን ወደ ነባሩ አዞረ፤ ወደ ዓሣ አጥማጁና ወደ ቆፋሪው ጎጆ። ይሄን አንብበው «አየህ፣ ሕግ አይሠራም» የሚሉ አሉ። እኔ የማነበው ሌላ ነው፦ አንዱን በር ዘግተው ሌላውን ክፍት ተዉት።

አሁን የሚያስቀውን ልንገራችሁ። ሳውዝ ክሮፍቲን እንደገና ለመክፈት እየተሠራ ነው፤ ቲን ለኤሌክትሮኒክስ ብየዳ ይፈለጋል፣ ይሄን የምታነቡበት ስልክ ውስጥም አለ። ማዕድኑ ቢመለስ ቆፋሪው የት ሊያድር ነው? የቆፋሪው ጎጆ ለቅዳሜና እሑድ ተይዟል።

እስካሁን ስለ እንግሊዞች ስጽፍ ደልቶኛል። የኛ ቤት ግን አይቅርብኝ። የቤተሰባችን ቴሌግራም ላይ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድ ሐሳብ ይሽከረከራል፤ አክስቴ ከዋሽንግተን፣ አጎቴ ከለንደን፣ ገንዘብ አዋጥተን አዲስ አበባ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ እንግዛና ለዲያስፖራና ለፈረንጅ በቀን እናከራይ፣ በዶላር። «አንተ ደግሞ ሥራህ ነው፣ ማስታወቂያውን ታስተካክልልናለህ» ተብያለሁ። ሠፈሩ ውስጥ ታናሽ የአክስቴ ልጅ አለ፤ ከእጮኛው ጋር ቤት ኪራይ ፍለጋ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። እሱም ግሩፑ ውስጥ አለ። ምንም አልጻፈም። እኔ ይሄን ሳነሣ አጎቴ «እኛ ባንገዛው ሌላ ይገዛዋል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሌላ ይገዛዋል። ለዚህ ነው የሁላችንም ደግነት ተደምሮ ሕግ የማይተካው። ቢሆንም የኔን ድርሻ አላዋጣም ብያለሁ፤ አክስቴ እስካሁን አኩርፋኛለች።

ቢሮ ውስጥም አንድ ነገር ጠይቄያለሁ። ምልክቷ እንድትነሣ አይደለም፤ እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። የጠየቅኩት ፍለጋው ላይ አንድ ማጣሪያ እንዲጨመር ነው፦ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ግቢ፣ ወይም መጀመሪያውኑ ለማደሪያነት የተሠራ ቤት ብቻ አሳየኝ የሚል። ሥራው የሁለት ቀን ነው። «ደንበኛ ጠይቆ አያውቅም» ተባልኩ። ስለዚህ ይሄን የምታነቡ ደንበኞች፣ ጠይቁ። አስተያየት መስጫው ከታች በስተቀኝ ነው፤ የሚጻፍበትን ሁሉ ሰው እንደሚያነበው አረጋግጥላችኋለሁ፣ እኔ ራሴ በየሰኞው አነባለሁ።

ኮርንዋልን ወድጄዋለሁ፣ እመለሳለሁ። ለሚያዝያ ፔንዛንስ ከተማ ውስጥ ሆስቴል ይዣለሁ፤ ከዚያ ወደ ሴንት ጀስት አውቶቡስ አለ። ስድስት አልጋ በአንድ ክፍል፣ መታጠቢያው ኮሪደሩ ላይ ነው። ለእናቴ ስነግራት ሳቀችና «ጉለሌ ልትገባ ነው በለኛ» አለችኝ።